ግምጃ የለበሰው አንቴና

እህቴ ላይ መቅናት የጀመርኩት ገና ብርዕ መቅረጽ ስትማር ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ቅናቴ ሁሉ፣ የፈተናውም የአንቴናውም፣ የዚያኛው ልጅ ነው። በአንድ ዓመት ትበልጣታለህ፣ ታላቅ ነህ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ታላቅ መሆን ግን ከዕድሜ ሌላ ምንም አልሰጠኝም፤ ሌላው ሁሉ የሷ ነበር።

አባቴ ላሊበላ ውስጥ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን ራሳቸው ይፍቃሉ፣ በወስፌ ያሰምራሉ፣ ቀለሙን ይበጠብጣሉ። ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ግን በሐረጋቸው ነው፤ በገጹ ራስጌ ላይ እየታጠፈና እየተጠላለፈ በሚሄደው ጌጥ። ሙያው ለኔ ነበር የታሰበው። እኔ ደግሞ የፍየል ቆዳው ሽታ ከልብሴ አልለቅ ብሎ የክፍል ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ሲይዙብኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አልፈልግም ብዬ ተነሣሁ። አባቴ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እህቴ በኔ ቦታ ተቀምጣ ብርዕ ስትቀርጽ አገኘኋት።

ለሴት ልጅ ጽሕፈቱ አይሰጥም ነበርና አባቴም አላስተማሯትም። ማስመሩንና ሐረግ መጣሉን ግን አጠገባቸው ተቀምጣ በዓይኗ ወሰደችው። ሲጽፉ ከምላሳቸው የሚወጣውን ለስላሳ ዜማ ሳይቀር ታውቀው ነበር። እኔ ገብቼ ስወጣ ሁለቱም ቀና አይሉም። የተውኩት እኔ ነኝ፤ ሆኖም ዕቃዬን የሰረቀችኝ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ጽፈው የጨረሱትን መጽሐፍ ራቁቱን ቤተ ክርስቲያን አያስገቡም። የሽፋኑን የእንጨት ገበታ ውስጡን በግምጃ፣ በሚያብለጨልጨው ጨርቅ፣ ያለብሱታል፣ በላዩ ጨርቅ ይሰፉለታል፣ ከዚያ የቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ይከቱታል። ከሣጥናቸው ሥር ደግሞ አንድ አረንጓዴ ወርቀ ዘቦ ግምጃ ነበራቸው። አንድ ተሳላሚ የሰጣቸው ነው፤ በብር ክር ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ፣ ሲይዙት እጅ ላይ የሚከብድ። ለመጨረሻ መጽሐፋቸው ነበር ያስቀመጡት። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ለደብተሬ ሽፋን አንድ ጣት የምታህል ብጣሽ ለመንኳቸው። ይህ ለደብተር አይሆንም አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ እኔም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ዓመት ታምሜ አንድ ዓመት አቋረጥኩና ከእህቴ ጋር አንድ ክፍል ተገናኘን። ኤሌክትሪካል ምህንድስናን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ እሷም እሱኑ መረጠች። ሌላ የትምህርት ክፍል የጠፋ ይመስል! ከተማችን ኮብልስቶን የሚነጠፍበት፣ ቀበሌው ሰዉን በአንድ ለአምስት የሚያደራጅበት፣ ሲም ካርድ በወረፋ መገኘቱ ቀርቶ ሱቅ ውስጥ መሸጥ የጀመረበት ዘመን ነው። ሰው ሁሉ ሞባይል ይይዛል፤ በውስጡ ስላለው አንቴና ግን የሚያስብ የለም። እኔና እህቴ ከዚያ ሌላ አናስብም ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ላይ መምህራችን አንድ ሥራ ይዘው መጡ። በገነተ ማርያም መንገድ አባቴም በበዓል የሚያገለግሉባት አንዲት ትንሽ የዓለት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ስሟን ልተወው። ክረምት በመጣ ቁጥር ዓለቷ ውኃ ይጠጣል፣ ስንጥቁም ይሰፋል። መምህሩ እርጥበቱን እየለካ ጠዋትና ማታ በሞባይል ኔትወርክ መልእክት የሚልክ ትንሽ ሣጥን እዚያ ማስቀመጥ ፈለጉ። አገልጋዮቹ ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ ፈቀዱ፤ ግን ምስማር አይመታም፣ መብራት አይበራም፣ ድምፅ አይሰማም፣ ሣጥኑም ከዳዊት አይበልጥም ተባለ። መምህሩ ለናሙና ያመጡት ሣጥን እንደ ድሮ ሬዲዮ ጭራ የመሰለ አንቴና ነበረው። አለቃው ዞር ዞር ብለው አዩትና ቀንድ ያለው ነገር ከመቅደስ አጠገብ አይቆምም አሉ። በዚሁ አለቀ፤ አንቴናው ሣጥኑ ውስጥ መደበቅ ነበረበት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ቤተ ክርስቲያኗ ያለችው ከሁለት የኔትወርክ ምሰሶዎች መካከል፣ ከተዳፋት ላይ ነው። የከተማው ምሰሶ በአጭሩ ሞገድ ይሠራል፣ ከገደሉ ማዶ ያለው በረጅሙ። ጉም ሲወርድ አንዱ ይጠፋል፤ ስለዚህ አንቴናው ሁለቱንም መስማት አለበት። ለረጅሙ ሞገድ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል መዳብ ያስፈልጋል፣ ለአጭሩ ግማሹ ይበቃል። እኛ የተሰጠን ቦታ ሦስት ጣት አይሞላም። መዳቡን ማጠፍ ግድ ነው። ሁለቱ ክንዶች ደግሞ ከአንድ እግር ስለሚበቅሉ፣ አንዱን ስታስተካክል ሌላው ከቦታው ይሸሻል። ያንን ስትመልስ የመጀመሪያው ይበላሻል። ሰው በዚህ ሥራ ፀጉሩ ይሸብታል ቢሉኝ አምናለሁ።

መምህሩ ሁለታችሁም በየፊናችሁ ሥሩ አሉን። የተሻለው ሣጥን ክረምቱን በቤተ ክርስቲያኗ ይከርማል፤ የሠራው ሰው በቤተ ሙከራው ረዳት ሆኖ ይቀራል። ወንበሩ አንድ ነበር። ያንን ወንበር ብቀመጥበት አባቴ ቆዳ የሸሸው ልጃቸው የት እንደደረሰ ያያሉ ብዬ ነበር ልቤ የቆመው።

ለእረፍት ቤት መጥተን ሁለታችንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠራን። እኔ ከመምህሩ የተዋስኩትን ላፕቶፕ ዘርግቼ ቅርጹን በሶፍትዌር እሞክራለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እሷ መዳብ የተለበጠ ሰሌዳ ትዘረጋና ቅርጹን በወስፌ ካሰመረች በኋላ በምላጭ ትልጠዋለች። መብራት ጠፋ አልጠፋ ጉዳይዋ አይደለም። ከዓለቱ የወደቀ አንድ ቀይ ድንጋይ ከመንገድ አንሥታ አመጣች፤ ሰሌዳውን ከጎኑ ሳታስጠጋ አትለካም። ሣጥኑ የሚቀመጠው ድንጋይ ላይ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ ሞገዱን ወደ ታች ይጎትተዋል አለችኝ። እውነቷን ነው። ተወልጄ ያደግኩት በድንጋይ መካከል ነው፤ የኔ ሶፍትዌር ውስጥ ግን ድንጋይ አልነበረም። አውቃለሁ አልኳት። አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠረጴዛው ጋ ቆሙ። ላፕቶፑን አላዩትም። የእህቴን ሰሌዳ አንሥተው ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱና በጥፍራቸው መስመሩን ተከተሉት።

"ይኸ ሐረግ ነው" አሉ።

"እንደዚያው ነው አባባ" አለች እህቴ፣ "ረጅሙን መስመር አጭር ቦታ ላይ ማሳደር ነው።"

"ታዲያ እዚህ ላይ ራሱን አንቆታል። ሐረግ ሲታጠፍ በብርዕ ወርድ ያህል ይራቅ። ሲነካካ እኮ ቀለሙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።"

እኔ ያንኑ ነገር ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት እጥፎች ሲቀራረቡ አንዱ የሌላውን ሞገድ ያጠፋል፤ ከአሥራ ምናምን ሙከራ በኋላ ነው ሶፍትዌሩ የነገረኝ። አባቴ ስለ ሞገድ ምንም ሳያውቁ ከመስኮት ሥር ቆመው በአንድ ትንፋሽ ለሷ ነገሯት። እሷም ወዲያው ምላጯን አነሣች። እርር ድብን አልኩ። ሰው ያልጠየቀውን ምክር አልሰጡኝም ብሎ ይቀየማል? እኔ ተቀየምኩ። ሥራዬን አንድ ቀን እንኳ አሳይቻቸው አላውቅም ነበር፤ እንዲጠይቁኝ ነበር የምጠብቀው።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሰን ሁለቱንም ሰሌዳዎች በመለኪያው አስፈተንን። በስክሪኑ ላይ መስመሩ ከላይ ይመጣና አንቴናው በሚሰማበት ቦታ ወደ ታች ይወርዳል። የኔ በአንዱ ላይ በደንብ ወረደ፤ በሁለተኛው ላይ ትንሽ ብቻ ጎድጎድ አለ። የሷ ሁለት ጊዜ፣ ልክ በሚፈለግበት ቦታ፣ እንደ ገደል ቁልቁል ሄደ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔ እጇን ጨብጬ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፤ ጥርሴን ነክሼ። እሷ ግን አቀፈችኝ፤ የኔን ያህል ዝግጅት የላትም ነበር ለቅናት።

ሰኔ ላይ ሣጥኗ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ገባ። ወለሉን እንዳይነካ በግድግዳው ጉርብ፣ ዓለቱ ውስጥ በተፈለፈለው ትንሽ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። መልእክቱ ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይመጣል፤ ለመምህሩም ለኔም። እሷ ቀሪ ፈተና ስለነበረባት ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰች። እኔ ቤት ቀረሁ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ሄጄ እንዳይ አደራ ተሰጥቶኝ። የሷ ዘበኛ ሆንኩ ማለት ነው። በየጠዋቱ ስልኬ ሲንጫጫ የእህቴ ጉብዝና እየደወለ የሚቀሰቅሰኝ ይመስለኝ ነበር። አንዴ እንኳ ቢቀር ብዬ ተመኝቻለሁ።

በሐምሌ ሥላሴ ዕለት ማታ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት አልመጣም፣ ማታም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን መምህሩ ደውለው ሂድና እይ አሉኝ።

በጭቃው እየተንሸራተትኩ ሄድኩ። ዲያቆኑ በሩን ከፈተልኝ። ከጉርቡ ላይ ሣጥኑን ሳይ መጀመሪያ ያወቅኩት ቀለሙን ነው። አረንጓዴ ነበር። ያ ወርቀ ዘቦ፣ ለመጨረሻ መጽሐፋቸው የተቀመጠው፣ ለደብተሬ አይሆንም የተባለው፣ አራት እጥፍ ሆኖ በሣጥኑ ዙሪያ በጥንቃቄ ተሰፍቷል። ስፌቱን በሩቁ አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ነው። ለሥላሴ አገልግሎት መጥተው የልጃቸውን ሥራ ራቁቱን ሲያዩት አላስቻላቸውም። እንደ መጽሐፍ አለበሱት።

በብር ክር ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ለአንቴና ምን እንደሆነ ማንም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ግድግዳ ነው፤ ሞገድ አያሳልፍም። ጨርቁን ባወልቀው ሣጥኑ በዚያው ሰዓት ይናገር ነበር። እጄን ዘርግቼ ነካሁት። ቅዝቃዜውን፣ ክብደቱንም አስታውሳለሁ። እውነቱን ልናገር፦ ያኔ ያሰብኩት ስለ አንቴናው አልነበረም። አባቴ ለኔ አንድ ጣት የነፈጉኝን ለሷ ሣጥን ሙሉውን ቆረጡላት ብዬ ነው ያሰብኩት። ዓይኔ ደም ለበሰ። እጄን ሰበሰብኩ።

ውጭ ወጥቼ ለመምህሩ ደወልኩ። ሣጥኑ በቦታው አለ አልኳቸው። ውኃ አልገባበትም፣ ባትሪውም ገና አያልቅም፣ መልእክት ግን አይወጣም። አንድም ውሸት አልነበረበትም። መምህሩ እንግዲህ እርጥበቱን አልቻለም ማለት ነው፣ ያንተን አስገባ አሉኝ። ለእህቴም እሳቸው ደወሉላት። እኔ አልደወልኩም።

በሳምንቱ የሷን አወረድኩ። ስፌቱን ስፈታ አንዱንም ክር አልበጠስኩም፤ ሣጥኑ መልእክት ሳይልክ ባትሪውን ነቀልኩና ጨርቁን አጥፌ ለአባቴ ወሰድኩላቸው። መደባቸው ላይ ተቀምጠው ብራና ይፍቁ ነበር።

"ጨርቁ ጠበቀላት?" አሉኝ።

አቧራ አልነካውም አልኳቸው። ይህም እውነት ነው። የሣጥኑን ነገር ሲጠይቁኝ ዝናቡ አላስቻለውም አልኩ። አንገታቸውን ነቀነቁና ጨርቁን ተቀብለው በመዳፋቸው አለሰለሱት።

የኔ ሣጥን ገባ። ከዓለቱ ጋር እንደማይስማማ ስለማውቅ ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ አደረግኩለት፤ ከእህቴ ድንጋይ የተማርኩት ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም። አንዱን ምሰሶ በደንብ ይሰማል፣ ሌላውን እያነከሰ። ሆነም ቀረም መልእክቱ መጣ። አባቴ በየወሩ በዓል እዚያ ይሄዳሉ፤ የኔ ሣጥን ከዚያው ጉርብ ላይ፣ ከዓይናቸው ፊት ነው። ከቤት ሲወጡ እጃቸውን አያለሁ፤ ጨርቅ ይዘው እንደሆነ። አንድ ጊዜ እንዲያውም የቤተ ክርስቲያኗ አቧራ ይበዛል አይደል ብዬ አነሣሁባቸው። ይበዛል አሉና ወጡ። ቢያለብሱት በዚያው ዕለት እንደሚዘጋ እያወቅኩ እንዲያለብሱት ተመኘሁ። መልእክቱ ግን ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳይጓደል ገባ። የኔ አንቴና የሠራው የሚያለብሰው ሰው ስላጣ ነው።

ወንበሩን አገኘሁ። እህቴ ኮን ከተማ ሄዳ ፊዚክስ አስተማሪ ሆነች፤ እኔ ቤተ ሙከራው ውስጥ የሷን አሠራር ለተማሪ አስተማርኩ፤ ወስፌውንም፣ ድንጋዩንም፣ የብርዕ ወርዱንም። ስሟን ጠርቼ አላውቅም። አንድ ጎበዝ ተማሪ በመጣ ቁጥር ሆዴ ቅር ይለዋል፤ ያ አመሌ አልለቀቀኝም። እሷ ስትደውል ስለ ተማሪዎቿ እየሳቀች ታወራኛለች፤ እኔ ከሳቋ ሥር ቂም እፈልጋለሁ፣ አጣለሁ። ማጣቴ ደግሞ ያናድደኝ ነበር።

አባቴ የመጨረሻ መጽሐፋቸውን ዓይናቸው ሳይደክም ጨረሱ። ዳዊት ነበር። እሳቸው ካረፉና ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ እኔና እህቴ ዕቃቸውን ለመለየት ቤት ውስጥ ቁጭ አልን። ብርዖቹን፣ ወስፌዎቹን፣ የቀለም ቀንዶቹን እሷ በየወገኑ አስቀመጠች፤ የቱ ለምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም። ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጣችና ገበታውን ገለጠች። አረንጓዴው ወርቀ ዘቦ ከውስጥ ተለጥፏል። በጠርዙ ላይ የድሮው ስፌት ቀዳዳዎች ገና ይታያሉ።

ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። እሷ በጣቷ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው።

"ያን ዓመት መስከረም ላይ ስመጣ አሳይተውኝ ነበር" አለች። "አልብሼልሽ ነበር አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው። ክሩን ነካሁትና ገባኝ። ብር እኮ ነው ወንድምዓለም።"

ለምን አልተናገርሽም አልኳት።

"ምን ብዬ? መምህሩ ሰምተው በሪፖርታቸው ይጽፉታል፣ አለቃው ይሰማሉ። አባባ ከዚያ በኋላ እዚያች ቤተ ክርስቲያን በምን ዓይናቸው ይገባሉ? የልጄን ሥራ በገዛ እጄ ገደልኩት ብለው ይሞቱ ነበር።" መጽሐፉን ዘጋችው። "ማን አወረደው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ወንድምሽ ነው አሉኝ። ስፌቱን ክር ሳትበጥስ ፈትተህ እንዳመጣህላቸው ነገሩኝ። ያኔ ነው አንተም አውቀህ ለሳቸው ብለህ ዝም እንዳልክ የገባኝ። ሥራው አንተ ጋ መሄዱ አልከበደኝም፤ እንደዚህ የሚያስብላቸው ሰው ይዞታል አልኩ። ይህን ሳልነግርህ ብዙ ዓመት ሆነኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። መልስ እየጠበቀች ነበር። በዚያች ቅጽበት እንኳ፣ አባቴ በተቀመጡበት መደብ ላይ፣ እውነቱን ከመናገር ይልቅ በሷ ልብ ቀናሁ።

"አዎ" አልኳት፣ "ለሳቸው ብዬ ነው።"

እሷ ዳዊቱን በማኅደሩ ከታ ክሩን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ያዝልኝ ብላ ሰጠችኝ።